«እንግዳ መጣ» ይሉ የነበሩት የአባ አቁም ዜና ሕይወት

ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ኀዘናችንን የተካፈላችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን አባታችንን ግማሾቻችሁ ጋሼ፣ ግማሾቻችሁ አባባ እያላችሁ ስትጠሯቸው ኖራችኋል፤ ከነፋስ ኃይል ማመንጫው ጣቢያ የመጣችሁት ግን አባ አቁም ካልተባሉ ማን እንዳረፈ እንኳ የሚገባችሁ አይመስለኝም። እርሳቸውም ስሙን ወደውት ስለ ነበር፣ ቤተሰቡ የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፌ እንዳነብ እኔን ምራታቸውን ባዘዘኝ ጊዜ፣ በዚሁ ስም ልጥራቸው ወይ ብዬ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

አባ አቁም ለቤት ክዳን የሚሆን ሸምበቆ እየቆረጡ ከሚኖሩ አባታቸውና ከዚያው ሸምበቆ ምንጣፍ ከሚሠሩ እናታቸው፣ ረግረጉ ዳር በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ውሃው እስከ ደጃፉ ሞልቶ በመጣበት የክረምት ወቅት ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ሲያወጉ እንደ ሰማነው፣ ሽመሎች በሰማይ በሚያልፉበት ወራት ልጃቸውን አዝሎ መንገድ መሄድ ትልቅ ፈተና ነበር፤ ሕፃኑ ወፎቹን ለማየት አንገታቸውን ወደ ኋላ እየቀለበሱ እናታቸውን ሚዛን ያስቱ ነበርና። አባታቸውም ይህ ልጅ አንድ ቀን ሰማይ ሰማይ ሲያይ ጉድጓድ ይገባል እያሉ ይተነብዩ ነበር ይባላል። እንደተባለውም ገብተዋል፤ በግራ ቅንድባቸው ላይ የነበረችውን ጠባሳ የምታስታውሱ ሁሉ ምስክር ናችሁ።

ለትምህርት ሲደርሱ ከረግረጉ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ገብተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ውሃውን እየተሻገሩ በትጋት ተማሩ። ነገር ግን አባታቸው ወገባቸውን ታመው ከአልጋ በመዋላቸው፣ እርሳቸውም የበኩር ልጅ በመሆናቸው የቤቱ ሸክም በእርሳቸው ትከሻ ላይ ወደቀና የመጀመሪያ ደረጃን ሳይጨርሱ ለማቋረጥ ተገደዱ። ትምህርት ያቋረጠ ሰው ሁሉ ትምህርት የጠላ ይመስለናል። አባ አቁም ግን ዳቦ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዳቦውን ከመቁረሳቸው በፊት ገልብጠው የሚያነቡ፣ ወሬው መካከል ላይ ከተቀደደም ቀሪውን ከባለ ሱቁ ሄደው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ በመፍታትና ዕቃ በማቀበል ሥራ ጀምረው፣ ቀስ በቀስ የከባድ ማሽን ረዳት፣ በመጨረሻም የዶዘር ኦፕሬተር ለመሆን በቁ። የሥራ ጓደኞቻቸው እንደሚመሰክሩላቸው፣ እርሳቸው በደለደሉት መሬት ላይ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ቢቀመጥ ጠብ አይልም ነበር፤ ይህን የሚናገሩት ደግሞ ለማሞገስ ብቻ ሳይሆን አንድ ሰሞን በእውነት ብርጭቆ አስቀምጠው ሲፈትኗቸው ስለነበር ነው።

በመንገድ ሥራ ላይ ሳሉ ከካምፑ አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት ከነበራቸው ከዛሬዋ ባለቤታቸው ከእማማ ጋር ተዋወቁ። የሥራ ሱሪያቸው በየሳምንቱ እዚያው ጉልበቱ ላይ እየተቀደደ ይመጣ ነበርና፣ እማማ ቀዳዳውን ደጋግመው ሰፍተው ሰፍተው፣ አንድ ቀን ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት በምላጭ የተቀደደ መሆኑን ደረሱበት፤ ከእንግዲህ ሱሪ ሳይቀድዱ መምጣት ይችላሉ ብለውም ሰደዷቸው። ከዚህ ሥርዓት ከሞላበት ፈቃድ በኋላ ተጋብተው፣ ሳይለያዩ በፍቅር ኖረው፣ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በሕይወታቸው እጅግ የኮሩበት ሥራና በኋላ ልባቸውን የነካው ሥራ አንድና ያው ነው። ከረግረጉ በላይ ባለው ተረተር ላይ ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ሊተከል በተወሰነ ጊዜ፣ መንገዱን የጠረጉት፣ የተርባይኖቹን መቆሚያ የደለደሉት፣ ሽመሎች በጉዟቸው ላይ የሚያድሩባቸውን ረጃጅም ዛፎች የገፉት፣ ወደ ግንባታው የሚወስደው ቦታ እንዲደርቅም የረግረጉን ውሃ ወደ ወንዙ የሚያፈስሰውን ቦይ የቆፈሩት እርሳቸው ነበሩ። ክፉ ሥራ የሠሩ አልመሰላቸውም፤ አልነበረምም። የሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል በሻማ መሥራቱ የቀረው፣ ልጆቻችን አምፖል ሥር ማጥናት የጀመሩት በዚያ ነፋስ ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ማሽኖቹን የሚራገም ሰው ቤታቸው ቢመጣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያስረዱት ነበር እንጂ አይስማሙለትም።

ይሁን እንጂ ተርባይኖቹ መዞር ጀምረው የወፎቹ ማለፊያ ወቅት ሲደርስ፣ ማንም ያላሰበው ነገር ታየ። ሽመሎቹ፣ ንስሮቹና ጥንብ አንሳዎቹ ክንፋቸውን ሳያራግቡ የሚንሳፈፉበት ነፋስና ማሽኖቹን የሚያዞረው ነፋስ አንድ በመሆኑ፣ ወፎቹ በጥንት መንገዳቸው ሲመጡ ከሚሽከረከረው ክንፍ ጋር ይገናኙ ጀመር። አባ አቁም አንድ ጠዋት የመንገዱን ጠርዝ ሊያስተካክሉ ወጥተው፣ ከአንዱ ተርባይን ግርጌ አንዲት ሽመላ ግራ ክንፏ ተቆርጦ፣ በእግሯ ቆማ፣ ሰው ሲቀርባት እንኳ ሳትሸሽ አገኟት። በሥራ ካፖርታቸው ጠቅልለው ወደ ቤት አመጧትና እማማ በስፌት ክፍላቸው በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ አስተኟት። ሽመላ እንደ ሌላው ወፍ አትጮኽም፤ መንቆሯን ታጋጫለች። ያ የመንቆር ድምፅ ከስፌት መኪናው ድምፅ ጋር ይመሳሰል ነበርና፣ እማማ እኔ ሳልሰፋ መኪናዬ ይሰፋል እያሉ ሲደነግጡ ሰነበቱ። ሽመላዋ ከሞተች በኋላ ግን፣ መኪናቸውን ሲያስነሡ ድምፁን መስማት ስለከበዳቸው ለጥቂት ጊዜ ሥራ አቁመው እንደ ነበር ራሳቸው ነግረውኛል።

ከዚያ በኋላ የአባ አቁም ሐሳብ በአንድ ጥያቄ ላይ አረፈ፤ ይኸውም ወፎቹ ሲያልፉ ማሽኖቹ ይቆሙላቸዋል ወይስ አይቆሙላቸውም የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን ስለ ወፎች የምታጠና ባለሙያ ወደ ጣቢያው መጥታ፣ ተረተሩ ላይ ተቀምጦ ሰማዩን የሚጠብቅና ወፎች ሲቀርቡ ማሽን እንዲቆም በሬዲዮ የሚናገር ሰው እንደሚያስፈልግ ስትገልጽ፣ እርሳቸው ዶዘሩን አስረክበው እኔ ልቀመጥ አሉ። ጓደኞቻቸው ከዶዘር ወንበር ወደ ፕላስቲክ ወንበር ወረዱ እያሉ ቢያሾፉባቸውም፣ ጋሼ አሁን ደግሞ ሰማይ ሊደለድሉ ነው ቢሏቸውም፣ እርሳቸው ፔርሙዛቸውን ይዘው ወጡ። ባለሙያዋን ልጄ እያሉ ቢጠሯትም፣ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆነዋን ሴት እንደ አስተማሪያቸው አክብረው፣ ጭልፊትን ከንስር፣ ንስርን ከጥንብ አንሳ በጅራቱና በክንፉ አያያዝ መለየትን ከእርሷ ተማሩ። ሲጀምሩማ ብዙ ይሳሳቱ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ነፋስ ያነሣው ጥቁር ፌስታል ሲመጣ አይተው ማሽን አስቁመዋል፤ ከዚያ በኋላ ፌስታል ባዩ ቁጥር ጓደኞቻቸው ቆመው ያሳልፉት ነበር።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ በበኩላቸው ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አልተቀበሉትም ነበር። ማሽኖቹን በአንድ ጊዜ ማቆም ለማሽኖቹም ለከተማውም መብራት አደጋ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ በተረተሩ ዝቅታ ላይ ያለው አንዱ ተርባይን ብቻ፣ ለአንድ የማለፊያ ወቅት ብቻ፣ ለሙከራ እንዲቆም ፈቀዱ። ወፎቹ ግን በአንዱ በኩል ብቻ አያልፉምና አባ አቁም በተቀሩት በኩል የሚወድቁትን እያነሡ ይመለሱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ቃል ልናገር። መጀመሪያ በሬዲዮ የሚነጋገሩት በተራ አማርኛ ነበር፤ ወፍ ሲያዩ «ወፍ አለ»፣ ሰማዩ ሲጠራ «ወፍ የለም» ይላሉ። «ወፍ የለም» ማለት ግን በእኛ አነጋገር ምንም ነገር የለም፣ አትድከም ማለት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ቀን የምሳ መኪናው መጥቶ ከወንበራቸው አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ ምሳ መጣ ወይ ብሎ በሬዲዮ ጠየቀ፤ እርሳቸው ዓይናቸውን ከርቀት መነጽሩ ሳይነቅሉ፣ የተጠየቁት ስለ ሰማዩ መስሏቸው «ወፍ የለም» ብለው መለሱ። ሠራተኛው በሙሉ ምሳ የለም ብሎ ብስኩት ቆርጥሞ ሥራውን ሲቀጥል፣ ምሳው መኪና ውስጥ ሲቀዘቅዝ ዋለ። «ወፍ አለ» ሲሉ ደግሞ ተረኛው ቀልድ እየመሰለው ሲስቅ ይዘገይ ነበር፤ በዚያ የሳቅ መዘግየት ክንፍ ይቆረጥ ነበር። ስለዚህ አባ አቁም ቃሉን ለወጡት። ከሩቅ አገር የሚመጣ፣ አድሮ የሚሄድ፣ ክብር የሚገባው ማን ነው ብለው አስበው፣ ወፍ ሲታይ «እንግዳ መጣ»፣ ሲያልፍ ደግሞ «እንግዳ ሄደ» እንዲባል ተስማሙ። ቃሏ በጣም ሠራች፤ እንግዳ መጣ ሲባል የሚስቅ ሰው የለምና።

ጣቢያው በይፋ የሚመረቅበት ቀን በደረሰ ጊዜ፣ ሥራ በጀመረች በማግስቱ በር ላይ የቆመች ጥበቃ ነበረች። ትላልቆቹ መኪኖች ተከታትለው ሲመጡ ባየች ጊዜ ሬዲዮዋን አንሥታ እንደ በር ጥበቃ ደንብ፣ የቃሉን ሌላ ትርጉም ሳታውቅ፣ እንግዳ መጣ አለች፤ የመኪኖቹ ብዛት ስላስደነገጣትም ብዙ እንግዳ ነው ስትል ጨመረችበት። መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ተረኛ ድምፅ አልለየም፤ የለየው ቃሉን ነው። በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው የወፍ መንጋ እየመጣ መስሎት፣ ለአንዱ የተሰጠውን ፈቃድ ለሁሉም አድርጎ፣ በተረተሩ ላይ ያሉትን ተርባይኖች በሙሉ ቀጥ አደረጋቸው። የክብር እንግዶቹ ከመኪና ወርደው፣ ሊያዩት የመጡት የሚዞር ነገር ቀርቶ የሚንቀሳቀስ ነገር በሌለበት ተረተር ሥር አንገታቸውን አቅንተው ቆሙ።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጡ ወደ አባ አቁም ወንበር ወጥተው ወፎቹ የት አሉ ብለው ጠየቁ፤ እንግዶቹም ተከትለዋቸው ነበር። አባ አቁም ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያም እንደ እውነቱ ከሆነ ወፍ የለም አሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቃቸው አመለጣቸውና ሁሉም ተከትለው ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቁም፤ ይህ ወንበር ከነገ ጀምሮ ይነሣል አሉ። በሰው ፊት መናገር የማይወዱት አባ አቁም ያን ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦

«ጌታዬ፣ ወፍ የለም ማለት ያሳቀን ቀልድ ስለሆነ ነው። እውነት የሆነ ቀን ማንም አይስቅም። እኔ እዚህ የምቀመጠው ቀልድ ሆኖ እንዲቀር ብዬ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ከእንግዶቹ መካከል የነበሩ አንዲት አዛውንት መሐንዲስ ማሽኖቹ ተበላሽተዋል ወይ ብለው ጠየቁ፤ አልተበላሹም። ከተማው መብራት ጠፍቶበታል ወይ አሉ፤ ተደውሎ ቢጠየቅ ማንም ያወቀ እንኳ የለም። እንግዲያው ይዙሩ ተባለና፣ ሁሉም ክንፎች እንደገና ዞሩ። አይሆንም የተባለው ነገር በአንዲት ጥበቃ ስህተት በሰው ሁሉ ፊት ሆኖ ታየ። ሥራ አስኪያጁ፣ እዚህ መካከላችን በመኖራቸው ደስ ይለናል፣ ነገሩን አስበውበት ወንበሩን ለማንሣት ሳይሆን ጥላና መደገፊያ ያለው ሌላ ወንበር ይዘው ራሳቸው ተረተሩን ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ወፎቹ በማናቸውም በኩል ቢመጡ ማሽኖቹ በሙሉ እንዲቆሙ ደንብ ሆነ። አባ አቁም የሚለው ስምም የወጣው ያን ጊዜ ነው።

በደንቡ ምክንያት ከክንፎቹ ሥር የሚነሣው ወፍ እጅግ ቀነሰ፤ ጭጋግ በሚወርድበት ቀን አሁንም ይወድቃልና ጨርሶ ጠፋ ብለው ግን ተናግረው አያውቁም። ደግሞም ሌላ ነገር ያሳስባቸው ጀመር። መንገደኞቹ በሰላም ያልፋሉ፤ ነገር ግን ረግረጉ ደርቆ ስለነበር ወርደው የሚያርፉበትና የሚበሉበት አልነበረም። በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር። ባለሙያዋና የአካባቢው ሰዎች ቦዩ ለጣቢያው ከእንግዲህ እንደማያስፈልገው አስረድተው ፈቃድ ሲገኝ፣ የቆፈርኩት እኔ ነኝና የምደፍነውም እኔ ነኝ ብለው ተነሡ። እማማ የመድኃኒት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ በዚህ ዕድሜህ ከዶዘር ብትወድቅ አልሰፋህም እያሉ አብረው ወጡ። አባ አቁም ቦዩን ከላይ እስከ ታች ደፈኑት፤ ሲጨርሱም አፈሩን ደልድለው ብርጭቆ አምጡ አሉ። ሻይ ተቀድቶ ተቀመጠ። ጠብ አላለም።

ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ሸምበቆው በቀለ፤ መጀመሪያ ዳክዬዎች፣ ቀጥሎም ጥቂት ሽመሎች ወረዱ። የልጅነታቸው ሰማይ አልተመለሰም። ያኔ ሽመሎቹ ሲያልፉ ጥላቸው እናታቸው የሚሠሩትን ምንጣፍ ያጠቁረው ነበር፤ ዛሬ ሕፃን ልጅ ጣቱን ቀስሮ እያንዳንዱን ሊያሳይ ይችላል። ይህን ሲናገሩ ግን በምሬት አልነበረም። ልጄን በጭናቸው አስቀምጠው፣ እነሆ ይቺ አንድ፣ እነሆ ይቺ ሌላ እያሉ በእያንዳንዷ ደስ ይላቸው ነበር። የመነጽሩ ማንገቻ በአንገታቸው ዙሪያ ያስቀረውን ነጣ ያለ መስመር ልጄ እየነካች፣ ይሄ ምንድን ነው ስትላቸው የእንግዳ መንገድ ነው ይሏት ነበር።

ወንበሩን የተረከበችው ያቺው ጥበቃ ናት። እርሳቸው ራሳቸው መርጠዋታል፤ ብዙ እንግዳ ነው ብሎ ከልቡ የሚደነግጥ ሰው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብለው።

በዶዘር ዘመናቸው የዋጡት አቧራ በሳንባቸው ላይ ጉዳት አድርሶ ስለነበር፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ትንፋሻቸው እያጠረ ሄዶ ሆስፒታል ገብተው ሲታከሙ ቆዩ። የተኙበት ክፍል መስኮት ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ነበር። እንግዳ አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ነርሷ የጠያቂ ሰዓት አልፏል አባባ ብላ ትመልስላቸው ነበርና፣ ሕመማቸው ሳያግዳቸው ይስቁ ነበር። ከማረፋቸው ትንሽ ቀደም ብሎ በአንድ ቀትር፣ የመጨረሻ ልጃቸው ወደ ተረተሩ ደውላ ስልኩን ከጆሯቸው አስጠጋችላቸው። ከወዲያ በኩል የወንበሩ ባለቤት፦

«ጋሼ፣ እንግዳ መጥቷል። ብዙ እንግዳ ነው፤ አቁመናል» አለች።

እኛም በክፍሉ ውስጥ ሆነን ሰማን። የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የማሽኖቹ መሽከርከር ድምፅ አልነበረበትም። አባ አቁም ዓይናቸውን ጨፍነው ያን ዝምታ ለረጅም ጊዜ አዳመጡት። ከዚያም በቀስታ «ይለፉ» አሉ። ከዚህ በኋላ ጥቂት ቢናገሩም፣ ሁላችንም የምንይዘው ቃል ይህ ነው። በቤተሰቦቻቸው መካከል ሆነው፣ ሳይጨነቁ፣ በሰላም አርፈዋል።

ሥራ አስኪያጁ ለክብራቸው ሲባል አስከሬናቸው ከቤት በሚወጣበት ሰዓት ተርባይኖቹ በሙሉ እንዲቆሙ ሐሳብ አቅርበው ነበር። እማማም አመስግነው፦ «አይሆንም፤ ለሰው የቆሙት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በስህተት። ይዙሩ። እንግዳ ከመጣ ብቻ ይቁሙ» ብለዋል። ቀና ብላችሁ ወደ ተረተሩ ብታዩ ክንፎቹ ሲዞሩ ታያላችሁ፤ ወንበሩም ባዶ አይደለም።

አባ አቁም ለረጅም ዘመን የተጣመሯቸውን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አማቾቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዛሬም ሸምበቆ የሚቆርጡ ታናሽ ወንድማቸውን፣ ልጄ የሚሏትን ባለሙያና በሬዲዮ ይጠሯቸው የነበሩትን ባልደረቦቻቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል።

መንገደኛ ሁሉ በሰላም እንዲያልፍ ዕድሜያቸውን ቀና ብለው የጠበቁትን አባታችንን፣ ፈጣሪ ዛሬ በደጁ እንደ እንግዳ ተቀብሎ ማረፊያ ይስጥልን፤ ለእማማና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን ያድልልን። ከእኛ አልፈው የሄዱትን፣ እርሱ ያሳርፍልን።